«ወራጅ አለ!» በልብ ሴል ውስጥ

ባለፈው ሳምንት ከሪፈራል ወደ ፒያሳ በባጃጅ እየተመለስኩ ነበር። ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። አጠገቤ የነበሩት እናት «ወራጅ አለ!» አሉ። ሾፌሩ ዳር ያዘ። ሒሳባቸውን ሰጡ፣ መልስ ተቀበሉ፣ ወረዱ። እኛ ቀጠልን።

ሐዋሳ ውስጥ ይህ ቃል በቀን ስንቴ እንደሚባል ማን ይቆጥራል? ግን ቃሉ የሠራው ለአንዲት ባጃጅ ብቻ ነው። ከጎናችን ስትከንፍ የነበረችው አልቆመችም። ሾፌሯ ቢሰማ እንኳ አይመለከተውም። አሁን ያንኑ ቃል አንዱ ቀልደኛ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ከተማው ላይ ለቀቀው እንበል። ባጃጅ ሁሉ ፍሬን ይይዛል። የሚወርድ ሰው የሌለባትም ትቆማለች። መንገዱ ይታነቃል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ሾፌሮቹም አላጠፉም። ቃሉ ከቦታው ወጣ፣ በቃ።

የልብ ሴልም በየሰከንዱ ይህ ጣጣ አለበት። መልእክተኞቹ ጥቂት ናቸው። ሥራው ግን ብዙ ነው። አንዱን ቃል ለአንዱ ሠራተኛ ብቻ ማሰማት አለበት።

ይህን ሁሉ እንዳነብ ያደረገኝ የእናቴ ኪኒን ነው። እናቴ ለግፊቷ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ጎረቤታችን ደግሞ አቴኖሎል ይወስዳሉ። አንድ ቀን ቡና ላይ ሁለቱ ኪኒናቸውን እንደ ነጠላ ጥለት ሲያወዳድሩ ደረስኩ። እናቴ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን ታሳያለች። አብጧል። በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቆያል።

«የእኔ እንዲህ አያደርግም። ለምን የእኔን አትሞክሪም? ሁለቱም የግፊት አይደል እንዴ?» አሏት ጎረቤታችን። ኪኒኑን ከነማሸጊያው አውጥተው ረከቦቱ ጥግ አስቀመጡት።

ሁለቱም የግፊት ነው፣ እውነታቸውን ነው። ግን የሚሠሩበት ሰፈር ለየቅል ነው። እናቴ ደግሞ አስም አለባት። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አድሬናሊን። ውሻ ሲያባርራችሁ ልባችሁ ደረታችሁን ሊሰብር ይደርሳል። አድሬናሊን ግን ወደ ልብ ሴል ውስጥ አይገባም። በር ላይ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው። በሩ ላይ ያለው ፕሮቲን ቤታ ተቀባይ ይባላል። በሩ ሲንኳኳ ከውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ትመረታለች። «ወራጅ አለ» የምትለው እሷ ናት። ሰምቶ የሚሠራው ደግሞ በዋናነት ፒኬኤ የሚባል ኢንዛይም ነው። ፒኬኤ ካልሲየም የሚገባበትን በር ያላላዋል፤ ልብ በርትቶ ይመታል። ካልሲየሙን መልሶ ጎተራ የሚያስገባውን ፓምፕ ያፈጥነዋል፤ ልብ ቶሎ ይላላና ለሚቀጥለው ምት ይዘጋጃል። የተከማቸ ስኳር እንዲለቀቅም ያደርጋል። ከዚህ አልፎ ጂን እስከ መቀስቀስ ይደርሳል። የመጨረሻው ለአንድ ደቂቃ ድንጋጤ የማይፈለግ ሥራ ነው። ውሻ ባባረረን ቁጥር ልባችን ራሱን እንደ አዲስ ቢገነባ ኖሮ ዕድሜያችን አጭር ይሆን ነበር።

ይህችን ሞለኪውል በ1950ዎቹ ያገኛት አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ ነው። በ1971 ኖቤል ተሸልሞባታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያኔ የነበረው ግንዛቤ ቀላል ነበር። ሴሉ እንደ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ነው ተብሎ ይታሰባል። ጨው ጣል ካደረጉበትና ካማሰሉት ሁሉም ማንኪያ ላይ እኩል ይደርሳል። ጨው ከበዛ ይጠነክራል፣ ካነሰ ይለግማል። ዋናው ነገር መጠኑ ነው።

ይህ ሐሳብ የተሰነጠቀው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ተመራማሪዎች ልብ ላይ ሁለት ነገር ሞከሩ። አንዱ አይሶፕሮቴረኖል፣ የአድሬናሊን የቅርብ ዘመድ ነው። ሌላው ፕሮስታግላንዲን ኢ1 የሚባል ሌላ መልእክተኛ ነው። ሁለቱም ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከፍ አደረጉ። በርትቶ እንዲመታ ያደረገው ግን አይሶፕሮቴረኖል ብቻ ሆነ። ጨው ያው ጨው፣ ሾርባው ያው ሾርባ፤ ታዲያ አንዱ ማንኪያ ለምን አልጣፈጠም? ጥቂት ሰዎች «ሾርባ አይደለማ! ክፍል ክፍል አለው» አሉ። ብዙው ሰው ግን አላመናቸውም። እውነት ለመናገር አለማመኑ አይፈረድበትም። ትንሽ ሞለኪውል ውኃ ውስጥ ስትለቀቅ ወዲያው ነው የምትሠራጨው። ግድግዳ በሌለበት ቤት ውስጥ ክፍል አለ ብሎ ማን ያምናል?

በዓይን ማየት እስኪቻል ሃያ ዓመት ገደማ ወሰደ። ማኑዌላ ዛኮሎና ቱሊዮ ፖዛን የአይጥ ግልገል የልብ ሴል ውስጥ ልዩ ፕሮቲን አስገቡ። ፕሮቲኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲያገኘው የሚሰጠው ብርሃን ቀለሙ ይቀየራል። ሴሉን ቀሰቀሱትና በማይክሮስኮፕ አዩ። በ2002 ያሳተሙት ሥዕል ሾርባ አይመስልም። ብርሃኑ እዚህም እዚያም ተጠባጥቦ ይታያል፤ ልክ ማታ ከታቦር ተራራ ላይ ሆነው ሐዋሳን ሲያዩት መብራቱ በየሰፈሩ እንደሚሰበሰበው።

ግድግዳ ከሌለ ታዲያ ማን ነው የሚከልለው?

አንደኛ፣ ሠራተኛው ታስሯል። ኤካፕ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሥራቸው ፒኬኤን እንደ ካስማ ቦታው ላይ መቸንከር ነው። አንዱን ካልሲየም በሩ ሥር፣ ሌላውን ፓምፑ አጠገብ። እያንዳንዱ ከሚሠራው ነገር ጎን ስለተቀመጠ ከሩቅ የሚጠራው የለም።

ሁለተኛ፣ ጠራጊ አለ። ይህ ነው እኔን በጣም የገረመኝ። ፎስፎዳይስተሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኙበት ቦታ ይሰብሯታል። 11 ቤተሰብ አላቸው (ሁሉም ግን እሷን አይሰብሩም)፤ በየቤተሰቡ ብዙ ልጆች። እነሱም የትም አይዞሩም። ብዙዎቹ በኤካፕ ታስረው ከሠራተኛው ጎን ቆመዋል። ስለዚህ ቃሉ ከተነገረበት ቦታ ጥቂት እልፍ እንዳለ ይጠፋል። ግድግዳው ግንብ አይደለም፤ ጥረጋ ነው። በ2020 የወጣ ሥራ ደግሞ ጠራጊዎቹ እንዴት ይህን ያህል እንደሚበረቱ አሳየ። እረፍት ላይ ባለ ሴል አብዛኛው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፈው ጥቂት ነው። ጥቂቱን ለመጥረግ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። በዚህ መንገድ የሚጠረገው ሰፈር ስፋት በአሥር ቤት ናኖሜትር የሚቆጠር ነው። የልብ ሴል ርዝመት ወደ 100 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 100,000 ናኖሜትር ነው። ሬሾውን ለማሰብ ከሞኖፖል እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን መንገድና አንድ የእግረኛ እርምጃ አወዳድሩ።

ቡና ላይ ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። «ቡና ልብ የሚያስመታው ጠራጊውን ስለሚያግድ ነው» የሚል ነገር በየቦታው ይጻፋል። ላብራቶሪ ውስጥ ካፌይን ጠራጊውን ያግዳል፤ ልክ ነው። ግን ለዚያ የሚያስፈልገው መጠን ከስኒ ቡና እጅግ የሚበልጥ ነው። አቦል ቶና በረካ ጠጥተን የምንነቃው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ስለሚዘጋ ነው። አዴኖሲን ሌላ መልእክተኛ ነው፤ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለው።

የካልሲየም ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከሴሉ ውጪ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው ወደ 10,000 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ በር ሲከፈት ይጎርፋል። በልብ ሴል ውስጥ የካልሲየም በሩና የካልሲየም ጎተራው ፊት ለፊት ተፋጠው ነው የተቀመጡት። መካከላቸው ያለው ክፍተት ከ15 ናኖሜትር አይበልጥም። በሩ ትንሽ ያስገባል፤ ያችን ያየ ጎተራ ብዙ ይለቃል። በ1993 ተመራማሪዎች ይህን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ብልጭ ብሎ ድርግም የሚል ነገር ሆነባቸው። «የካልሲየም ብልጭታ» ተባለ። አንድ የልብ ምት የእነዚህ የብዙ ሺህ ብልጭታዎች ድምር ነው።

ወደ ደም ሥር ስንመጣ ያው ካልሲየም ሁለት ምላስ ይኖረዋል። የደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ጡንቻ አለ። ካልሲየም ሴሉን ሲሞላው ጡንቻው ይኮማተራል፤ ቧንቧው ይጠባል፤ ግፊት ይወጣል። ይህን የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በ1995 ግን ማርክ ኔልሰንና ባልደረቦቹ ጆሮ የሚያቆም ነገር አሳዩ። ብልጭታው ከሴሉ ሽፋን ሥር፣ ጠርዝ ላይ ብቻ ሲሆን ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ጡንቻው ይላላል። ምክንያቱም ብልጭታው እዚያው ጠርዙ ላይ የተተከለውን የፖታሲየም በር ይከፍታል። ፖታሲየም ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ይሰፋል። ያን ጊዜ የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ፤ ጡንቻው ይፈታል። ካልሲየም መሐል ላይ ሲሞላ «አጥብቅ» ነው፤ ጠርዝ ላይ ብልጭ ሲል «ልቀቅ» ነው። መጠን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን መቼም አይፈታውም።

እናቴ የምትወስደው አምሎዲፒን ያንን የካልሲየም በር ነው የሚዘጋው። በሩ ልብም ላይ አለ። ታዲያ ልቧ ለምን አይቆምም? የደም ሥር ጡንቻ ሽፋን ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ከልቡ ያነሰ ነው። በዚያ ሁኔታ በሩ ለመድኃኒቱ ምቹ የሆነውን ቅርጽ ይዞ ብዙ ይቆያል። በሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የተተከለበት ሰፈር ለየው። የእግሯ እብጠትም የሰፈር ጉዳይ ነው። አምሎዲፒን ደም ቅዳውን ያላላል፤ ደም መልሱን ግን ብዙም አይነካውም። መግቢያው ሰፋ፣ መውጫው እንደነበረ ቀረ። መሐል ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ጫናው ይጨምርና ውኃ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። እንግዲህ ስበት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ቁርጭምጭሚት ያብጣል።

ስለ ደም ሥር ሳወራ የአሜሪካዊውን ተመራማሪ የሮበርት ፈርችጎትን የጥንቸል ደም ሥር ሳላነሳ አላልፍም። ሰውየው ለዓመታት የጥንቸል ትልቁን ደም ቅዳ እየቆረጠ ይሠራ ነበር። ነርቮች የሚለቁትን አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ሲጨምርበት ቁራጩ ይኮማተራል። ሕይወት ባለው እንስሳ ውስጥ ግን ያው አሴቲልኮሊን ደም ሥርን ያላላል። ግራ ገባው። በኋላ ላይ ነው የነቃው፦ ደም ሥሩን ሲያዘጋጁ የውስጠኛው ስስ ሽፋን እየተፋቀ ይነሳ ነበር። ሽፋኑ ሲጠበቅ ቁራጩ ይላላል። ከዚያ የሠራው ሙከራ ነው የሚጥመኝ። ሽፋን ያለውን ቁራጭ ሽፋን ከሌለው ጋር እንደ ሳንድዊች አጣበቃቸው። ሽፋን የሌለው ላላ! አንድ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። ይህን በ1980 አሳተመ። ያ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፌሪድ ሙራድ ኖቤሉን ተካፈሉ።

ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚቆየው ለሰከንዶች ብቻ ነው። ወደ ደሙ ከገባ ሄሞግሎቢን ይውጠዋል። ሐይቁ ዳር እንደሚጠበስ ዓሣ ሽታ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ምራቅ ያስውጣል፣ ጥቂት ራቅ ሲሉ ነፋስ ወስዶታል። የሚሠራው ኢንዛይምም ቢሆን በዘፈቀደ አልተቀመጠም። የሴሉ ሽፋን ላይ ካቪዮላ የሚባሉ ጥቃቅን ጎድጓዳ ኪሶች አሉ። ጆርጅ ፓላዴ ገና በ1953 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቷቸው ነበር። ኢንዛይሙ እዚያ ኪስ ውስጥ በሌላ ፕሮቲን ተይዞ ይጠብቃል፤ ካልሲየም ሲመጣ ይለቀቃል።

እስካሁን የተረት ያህል ሊመስል ይችላል። ሰው የሞተበት ጉዳይ ግን አለ።

ልብ ሲደክም በጉልበት አይመታም። የሾርባው አስተሳሰብ «እንግዲያው ጨው ጨምር» ይላል። ሚልሪኖን የሚባል መድኃኒት ከጠራጊዎቹ አንዱን፣ ሦስተኛውን ቤተሰብ ያግዳል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛል፤ ልብ ይበረታል። በሽተኞቹ ላይ የደም ዝውውሩ ሲለካ ያምር ነበር። ከዚያ በከባድ የልብ ድካም የሚሠቃዩ 1,088 ሰዎች ላይ በኪኒን መልክ ለረጅም ጊዜ ተሞከረ። ውጤቱ በ1991 ወጣ። መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ሞት በ28 በመቶ ጨመረ። ዛሬ ሚልሪኖን በአብዛኛው በሆስፒታል፣ በደም ሥር፣ ለአጭር ጊዜ ነው የሚሰጠው። ነገሩ ልክ ያ ድምፅ ማጉያ ነው። ልብ እንዲበረታ የተነገረው ቃል የምት ሥርዓት የሚያዛባውም፣ ልብን ቀስ በቀስ የሚጎዳውም ሰፈር ደረሰ።

ተቃራኒው ደግሞ አዳነ። ቤታ ብሎከሮች፣ የጎረቤታችን አቴኖሎል ወገኖች፣ አድሬናሊን የሚያንኳኳውን በር ይዘጋሉ። ፈር ቀዳጁ ፕሮፕራኖሎል የጄምስ ብላክ ሥራ ነው። ድሮ ልቡ ለደከመ ሰው መስጠት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። የደከመን ፈረስ ልጓም መሳብ ነዋ። በ1999 ግን ከ2,600 በላይ የልብ ድካም በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት ቢሶፕሮሎል ሞትን በ34 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ጩኸቱ ሲበርድ ልቡ አረፈ። ይህ ማለት ግን ማንም ተነስቶ ይዋጠው ማለት አይደለም። የተመረጡ ብሎከሮች ብቻ ናቸው፤ በትንሽ መጠን ተጀምሮ በሐኪም እጅ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። በድንገት ማቆምም አደጋ አለው። በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ሴሉ ሌሎች በሮች ይጨምራል። ኪኒኑ ሲቆም አድሬናሊን ከበፊቱ የበዛ በር ያገኛል። «አለቀብኝ፤ ደመወዝ ሲወጣ እገዛለሁ» የምትሉ ሰዎች ይህን ስሙ።

ስለ ጠራጊዎች ካነሳን አይቀር ሲልደናፊልንም እናንሳው፤ ቪያግራን። በመጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ውጋት ነበር። ለሌላ ነገር ሆኖ በ1998 ገበያ ወጣ። አምስተኛውን የጠራጊ ቤተሰብ ያግዳል፤ የናይትሪክ ኦክሳይድን መልእክት የሚያጠፋውን። ችግሩ ለልብ ውጋት ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚጨምር መሆኑ ነው። አንዱ ቃሉን ያበዛል፣ ሌላው ጠራጊውን ያስራል። ሁለቱ ሲገናኙ ግፊት እስከ ሞት ሊወርድ ይችላል። ኪኒኑን እንደ ማስቲካ ገዝተው ኪሳቸው የሚያደርጉ ጓደኞች ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። አባታቸው ጋም አንድ ፍሬ ትደርሳለች።

የታመመ ልብ ሌላም ጣጣ አለው። የመልእክቱ ሰፈር ራሱ ይፈርሳል። በ2010 ኒኮላየቭ፣ ጎሬሊክና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ጤነኛ ሴል ላይ ሁለተኛው ዓይነት ቤታ ተቀባይ የሚገኘው ወደ ሴሉ ጠልቀው በሚገቡት ቱቦዎች ውስጥ ነው። መልእክቱም እዚያው ይታጠራል። ልብ ሲደክም ተቀባዮቹ ከቱቦው ወጥተው ሴሉ ገጽ ላይ ይበተናሉ፤ መልእክታቸውም ይሠራጫል። ተቀባዩ አለ፣ ቃሉ አለ፣ ጠፍ የሆነው ቦታው ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ላብራቶሪ ከ«ምን ያህል» ወደ «የት» የዞረው። አንዱን ጠራጊ ከአንድ ካስማ ላይ ብቻ የሚነቅሉ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች በሴልና በእንስሳት ላይ እየተሞከሩ ነው። እኔ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግን ፋርማሲ ሄዳችሁ አትጠይቁ። እስካሁን የሚሸጥ ኪኒን የለም።

ወደ ረከቦቱ ልመለስ። አቴኖሎል በዋናነት ልብ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ዓይነት ቤታ ተቀባይ ነው የሚዘጋው። ግን ምርጫው ፍጹም አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት የአየር ቧንቧን የሚያላላ ነው፤ የእናቴ የአስም መንፊያ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። ያን ቀን ያችን ኪኒን ብትውጣት ኖሮ ግፊቷ ሳይሆን ትንፋሿ ነበር የሚያሳስበን። ኪኒኑን አንስቼ ለጎረቤታችን መለስኩላቸው። ትንሽ ቅር አላቸው።

እናቴን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አምሎዲፒኑን ቀነሰላትና ኢናላፕሪል ጨመረላት። ኢናላፕሪል ደም መልሱንም ያላላል፤ መግቢያና መውጫው ይመጣጠናል። በሦስተኛው ሳምንት ጫማዋ በቀላሉ ገባላት። ጎረቤታችን አይተው ተደሰቱ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ከቦርሳቸው የጉልበት ቅባት አወጡ።